ከራስ ሥጋ የሚጠገን ድምፅ

ምሳ ሰዓት ላይ በናይሮቢ መሀል ከተማ በጂቫንጂ መናፈሻ በኩል ያለፈ ሰው ሰባኪዎቹን ሳይሰማ አያልፍም። ሕንዳዊው ነጋዴ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ በ1906 ለሕዝብ የሰጡት ይህ ቦታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ አረፍ የሚባልበት፣ ፖለቲካ የሚወራበት፣ ወንጌል የሚሰበክበት ነው። አንዱ ሰባኪ ከሌላው ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። የአንዱ ድምፅ የሌላውን እንዳይውጠው ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ከመንገዱ ደግሞ የመኪናው ጡሩምባ አለ። ቀረብ ብሎ ላየ፣ የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ድምፁ ድንገት ጥፍት ይልና ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ሰባኪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውኃ ተጎንጭቶ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከመናፈሻው ማታቱ ወደሚባሉት ሚኒባሶች መሳፈሪያዎች ሲወረድ ጩኸቱ ይብሳል። እኛ ወያላ የምንለውን ናይሮቢዎች ማካንጋ ይሉታል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ የመድረሻውን ስም ‹‹ሮንጋይ! ሮንጋይ!›› ሲል ይውላል። ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ማታ ድረስ በናፍጣ ጭስ ውስጥ ሲጣራ የኖረ ሰው፣ ሲናገር ድምፁ እንደ ሻከረ ነው፤ ቃሉ ቢሰማም ዜማው የለም። ሻይ ቤት ገብቶ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር የገባበትን ‹‹ዳዋ›› ያዝዛል፤ እኛ ዳማከሴና ዝንጅብል እንደምንለው ማለት ነው። ደረቱን ያሞቀዋል፤ ድምፁን ግን አይመልስለትም።

ሦስተኛዋን ባለ ጉዳይ መንገድ ላይ አናገኛትም፤ ክፍል ውስጥ ናት። ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ስታደርግ የተማሪው ቁጥር ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። ክፍሎቹም መምህራኑም በዚያው ልክ አልጨመሩም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ የምታስተምር መምህርት ያላት መሣሪያ ጉሮሮዋ ብቻ ነው።

እነዚህን ሦስት ሰዎች ያስቀደምኩት ስለ ድምፅ አውታር ጥገና በዓለም ሲወራ ስማቸው የሚነሣው ሌሎች ስለሆኑ ነው። በ1997 ከተደረገላት ቀዶ ጥገና በኋላ የዘፈን ድምፅዋን ያጣችው ተዋናይት ጁሊ አንድሩስ ትነሣለች። በ2011 በቦስተን በዶክተር ስቲቨን ዛይትልስ እጅ ታክማ ወደ መድረክ የተመለሰችው ዘፋኝ አዴል ትነሣለች። ድምፅ እንጀራው የሆነ ሰው ግን ከሎንደንና ከሆሊውድ ይልቅ ናይሮቢ ውስጥ ይበዛል፤ አዲስ አበባም እንዲሁ።

ማንቁርታችን ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር የምንላቸው። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስንናገር ይገጥማሉ፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው እየሾለከ ያርገበግባቸዋል። ወንድ ሲናገር በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ ሴት ስትናገር 200 ጊዜ ገደማ ይጋጫሉ። መምህርቷ በአንድ ቀን ውስጥ በእርግጥ ድምፅ ያወጣችበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢሞላ፣ አውታሮቿ ከ700,000 ጊዜ በላይ ተጋጭተዋል ማለት ነው። አውታሮቹን ሲሠሩ መጀመሪያ በዓይኑ ያየው ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን መምህር ነው። ስፔናዊው ማኑዌል ጋርሲያ በ1854 በጥርስ ሐኪም መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ የራሱን አውታሮች በሥራ ላይ ሳሉ ተመለከተ።

የአውታሩ ምስጢር ያለው ግን በንብርብሩ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ በ1974 እንዳስረዱት፣ አውታሩ ከሥር ጡንቻ፣ ከላይ ደግሞ ልል ሽፋን አለው። በሁለቱ መካከል ጠንከር ያለ ጅማት ይገኛል። የላይኛው ሽፋን ከወተት ላይ እንደሚንሳፈፍ ስልባቦት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሳይነቃነቅ እሱ ብቻ ይዋልላል። ድምፅ ጥርት ብሎ የሚወጣው ያ ሞገድ ከአውታሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ያለ እንቅፋት ሲጓዝ ነው። ሽፋኑን እንዲህ ልል ያደረገው በውስጡ ያለው ውኃ ያዥ ንጥረ ነገር፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ እና በሥርዓት የተበተኑ ቀጫጭን የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች ናቸው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ቦታ ላይ የደረሰ ቁስል ሲድን በጠባሳ ይድናል። ክንድ ላይ ያለ ጠባሳ መልክ ቢያበላሽ ነው፤ አውታር ላይ ያለ ጠባሳ ግን ሥራ ያቆማል። ወፍራም ኮላጅን ያለ ሥርዓት ይከመራል፣ ውኃ ያዡ ይጠፋል፣ ሽፋኑ ከጅማቱ ጋር ይጣበቃል። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አውታሮቹ በደንብ ስለማይገጥሙም አየር ያመልጣል፤ ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ማታ ላይ አንገቱን እንደ ተመታ ያመዋል።

የጂቫንጂው ሰባኪና የሮንጋዩ ማካንጋ አብዛኛውን ጊዜ ያላቸው ጠባሳ አይደለም። በጩኸት የሚመጣው እብጠትና ሁለቱ አውታሮች በሚጋጩበት ቦታ የሚወጣው ትንሽ ጉብታ ብዙ ጊዜ ቢላዋ አይፈልግም፤ የድምፅ አወጣጥን በሚያርም ልምምድና በዕረፍት ይሄዳል። ችግሩ ሳይታይ ለዓመታት ሲቆይ፣ ወይም ያለ ጥንቃቄ ሲቆረጥ ነው ጠባሳ የሚተርፈው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ያልተሻለው የድምፅ መሻከር ማንቁርቱ በዓይን ታይቶ እንዲመረመር ያዘዘው። መሻከሩ የካንሰር ምልክት ሊሆንም ይችላልና አራት ሳምንት ለመጠበቅም ረጅም ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ስድስት ወር ‹‹ብርድ ነው›› ሲል ይከርማል።

የከፋ ጠባሳ የሚይዛቸው ሌሎች ናቸው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ቀን በመተንፈሻ ቱቦ የኖረ በሽተኛ አለ፤ በመኪና አደጋ አንገቱ የተመታ አለ፤ ለካንሰር ጨረር የወሰደ አለ። ከሁሉም በላይ ልብ የሚሰብሩት ግን ሕፃናቱ ናቸው። ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ፣ በተለይ 6 እና 11 የሚባሉት ዓይነቶቹ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ አልፎ ማንቁርት ላይ ኪንታሮት ያበቅላል። ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ሰልሎ ይሰማል። ቀጥሎ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይመጣል። አስም ነው ተብሎ ወራት በአስም መድኃኒት ያልፋል፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲደርስ አየር የሚያልፍበት ስንጥቅ ብቻ የቀረ፣ ወዲያው አንገቱ ተበስቶ ቱቦ የሚገባለት ልጅ አለ። ኪንታሮቱ ሲነቀል ተመልሶ ይበቅላል። እንደገና ይነቀላል። አሥር፣ ሃያ ጊዜና ከዚያም በላይ ሰመመን የወሰዱ ልጆች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና አውታሩ ጥቂት ጥቂት ጠባሳ ይጨምራል። ነፍሱ ተርፎ ድምፁ የቀረ ልጅ እንዲህ ይሆናል።

ታዲያ የተጣበቀውን ሽፋን ማላቀቅ፣ የጎደለውንም መሙላት ይቻላል? ቀዶ ሐኪሞች ለዚህ መልስ ፍለጋ የሄዱት ሩቅ አይደለም፤ ወደ በሽተኛው ገላ ነው። ዶክተር ሮበርት ሳታሎፍና ባልደረቦቻቸው በ1997 ከበሽተኛው የተወሰደ ስብ በጠባሳው ሥር የሚተከልበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። በቶኪዮ ዶክተር ኮይቺ ሱኖዳ በ1999 በስብ ፈንታ ፋሺያን፣ ማለትም ጡንቻን የሚሸፍነውን ነጭ ስስ ሽፋን፣ መትከላቸውን አሳተሙ።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። በሽተኛው በሰመመን ይተኛል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተዘንብሎ በአፉ በኩል ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ደረቱ ላይ በቆመ መደገፊያ ይታሰራል። ሐኪሙ ከራስጌው ተቀምጦ በማይክሮስኮፕ ያያል። በእጁ የያዛቸው መቀሶችና መቆንጠጫዎች ከአንድ ስንዝር በላይ ይረዝማሉ፤ ጫፋቸው ግን የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክልም። በሌላ በኩል ከእምብርት አጠገብ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ስብ ይወሰዳል፤ ፋሺያ ከሆነ ከጆሮ በላይ፣ ጠጉር ከሚሸፍነው ቦታ። ከዚያ በአውታሩ የላይኛው ገጽ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ጠባሳው ከጅማቱ ላይ ቀስ ተብሎ ይላቀቅና ኪስ ይሠራል። ሽፋኑ እዚህ ላይ ከተቀደደ ሥራው ተበላሸ። የስቡ ቁራጭ በኪሱ ውስጥ ይገባል፤ አፉ እጅግ በቀጠነ ክር አንድ ጥልፍ ይሰፋል። በዚያ ጠባብ ቱቦ ጫፍ ላይ አንዲት ቋጠሮ መቋጠር የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።

የተተከለው ስብ ሁሉ አይተርፍም። ከፊሉን ሰውነት ይመጠዋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከሚያስፈልገው አብልጦ ያስገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ድምፁ ከበፊቱ የባሰ ይመስላል። የፋሺያው ደግሞ መሻሻሉ የሚታየው በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ የነበረው ድምፅ እንዳለ አይመለስም። ሹክሹክታ የነበረው ንግግር ይሆናል፤ ስልክ ላይ የማይሰማው ይሰማል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሚስቱን ከሌላ ክፍል መጥራት ለተሳነው ሰው፣ ከመዘመር ይልቅ የሚናፍቀው መጣራት ነው።

ከዚህ የላቀ ተስፋ በቤተ ሙከራ ውስጥ አለ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናታን ዌልሃምና ባልደረቦቻቸው በኅዳር ወር 2015 ያሳተሙት ጥናት የሚያስደንቅ ነው። ከአንድ ሟችና ማንቁርታቸው ከወጣላቸው አራት ሰዎች የተወሰዱ ጤነኛ ሴሎችን በኮላጅን መደብ ላይ አሳደጉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ አውታር ሽፋን የሚሳብና የሚለጠጥ ሕብረ ሕዋስ ሆነ። ከሞተ ውሻ በተወሰደ ማንቁርት ላይ ተክለው የሞቀና የረጠበ አየር ሲነፉበት ድምፅ ሰጠ፤ ሞገዱም በፈጣን ካሜራ ሲታይ የተፈጥሮውን ይመስል ነበር። የሰው በሽታ መከላከያ እንዲኖራቸው ተደርገው በተዘጋጁ አይጦች ላይም ሲተከል ሰውነታቸው አልገፋውም። በስዊድን የካሮሊንስካ የሕክምና ተቋም ሐኪሞች ደግሞ ከበሽተኛው የራሱ መቅኔ የተወሰዱ ሴሎችን ጠባሳ ባለበት አውታር ውስጥ በመርፌ የሰጡበትን የመጀመሪያ የሰው ሙከራ በ2020 አውጥተዋል።

ካሮሊንስካ ሲባል ግን አንድ የሐበሻ ልጅ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። አንደማርያም በየነ ኤርትራዊ ነው፤ ኬንያውያንና ኢትዮጵያውያን የእንፋሎት ኃይል ሊማሩ በሚሄዱባት አይስላንድ የሥነ ምድር ተማሪ ነበር። የትንፋሽ ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጣበት። ሰኔ 2011 ላይ በስቶክሆልም ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ በፕላስቲክ የተሠራና ከራሱ መቅኔ የወጡ ሴሎች የፈሰሱበት ቧንቧ ተከለለት። በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ ተዘመረ። በዚያው ዓመት ‹‹ላንሴት›› የሕክምና መጽሔት ታሪኩን እንደ ስኬት አወጣው። አንደማርያም ከዚያ በኋላ የኖረው በመታፈን፣ በመድማትና በሆስፒታል መመላለስ ነበር፤ ጥር 2014 ላይ ሞተ። ቧንቧው ከአካሉ ጋር አልተዋሐደም ነበር። በስቶክሆልም ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት በሽተኞችም አልተረፉም። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2018 ሰረዘው። በሰኔ 2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒን በሦስቱም ላይ በፈጸመው ከባድ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ ብሎ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት።

የዌልሃም ሥራና የማኪያሪኒ ሥራ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ዌልሃም ከውሻ ማንቁርት ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ረጅም ጥበቃ ሄዱ፤ ሰው ላይ ለመድረስ ዓመታት እንደሚቀር ራሳቸው ተናገሩ። ያኛው በቂ የእንስሳት ሙከራ ሳይኖር ሰው ላይ ጀመረ። ሙከራውን የተሸከመው ደግሞ ከአገሩ የራቀ፣ ሌላ ምርጫ የለህም የተባለ ስደተኛ ተማሪ ነው። አዲስ ሕክምና ወደ አፍሪካ ‹‹በነፃ እናክማችሁ›› እያለ ሲመጣ የናይሮቢም የአዲስ አበባም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የዚህን ልጅ ስም ማስታወስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ኬንያ በ2017 ያወጣችው የጤና ሕግ ስለ ሰው አካልና ሕብረ ሕዋስ ንቅለ ተከላ የራሱ ክፍል አለው፤ መሠረቱ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ለናይሮቢ የምመርጠው የራስ ስብና የራስ ፋሺያን ነው። ከባሕር ማዶ የሚገዛ መሙያ የለም፤ ለጋሽ አይፈለግም፤ ሰውነት አይገፋውም፤ ቀዝቃዛ ሰንሰለትም ሆነ የሴል ማሳደጊያ ቤተ ሙከራ አያሻውም። ማይክሮስኮፕ፣ ረጃጅም መሣሪያዎች፣ ጥሩ የሰመመን ባለሙያና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። በ1901 ለ‹‹ተወላጆች›› ተብሎ የተከፈተው፣ ዛሬ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የሚባለውና የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቤት የአንገት በላይ ሐኪሞችንም ያፈራል። ጉድለቱ ያለው ከቢላዋው በፊትና በኋላ ነው። በፊት፣ ጠባሳን ከእብጠት ለመለየት የሚያስችለው ስትሮቦስኮፕ፣ ማለትም በብልጭታ ብርሃን ሞገዱን አዝግሞ የሚያሳይ መሣሪያ፣ በየክፍለ ሀገሩ አይገኝም። በኋላ፣ ስብ ወይም ፋሺያ በተተከለበት አውታር እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር የንግግርና የድምፅ ቴራፒስት ያስፈልጋል። ምሥራቅ አፍሪካ ይህን ሙያ በዲግሪ ማስተማር የጀመረችው ገና በ2008፣ በካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያለ እሱ የተሠራ ቀዶ ጥገና ግማሽ ሥራ ነው፤ በሽተኛው ቀድሞ ባበላሸው አጯጯህ አዲሱንም ያበላሸዋልና።

ለሕፃናቱ ደግሞ ከማንኛውም ንቅለ ተከላ የሚበልጥ ነገር አለ። አውስትራሊያ በ2007 ለልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው የኤችፒቪ ክትባት 6 እና 11ን ጨምሮ አራት ዓይነት ቫይረስ ይከላከላል። በማንቁርት ኪንታሮት አዲስ የሚያዙ ሕፃናት በ2012 ከ100,000 ልጆች 0.16 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 0.02 ወረዱ። ክትባቱን የወሰዱት ልጃገረዶች እናቶች ሲሆኑ ልጆቻቸው ድነዋል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ ኬንያ በጥቅምት 2019 ለ10 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን ሲጀምሩ የተጠቀሙት ይህንኑ ባለ አራቱን ነው። የታሰበው የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው፤ እሱም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ነገር ግን በገበያው ላይ 16 እና 18 የተባሉትን ዓይነቶች ብቻ የሚከላከሉ ክትባቶችም አሉ፤ ለካንሰሩ ይሠራሉ፣ ለልጁ ጉሮሮ ግን አይሠሩም። የጤና ሚኒስቴሮች ዋጋ አወዳድረው ሲገዙ የአንገት በላይ ሐኪሞች በጠረጴዛው ዙሪያ ሊኖሩ ይገባል፤ ካልኖሩ ሕፃኑን የሚያነሣ አይገኝም።

ወደ ማካንጋው ልመለስ። ሁሉ ተሟልቶለት ንቅለ ተከላው ቢደረግለት ሐኪሙ የሚያዝዘው የመጀመሪያው ነገር ዝምታ ነው። ለቀናት ፈጽሞ አለመናገር፤ ለሳምንታት አለመጮኽ። የዕለት ገቢውን በዕለት ጩኸቱ ለሚያገኝ ሰው ይህ ከቀዶ ጥገናው ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ነው። ስለዚህ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ‹‹እነዚህን ሳምንታት ቤትህ በምን ይኖራል?›› ብሎ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው። መልስ ከሌለ ቀጠሮውን አራዝሞ በልምምድ መጀመር ይሻላል።

ለመምህርቷ ያለው መፍትሔ ደግሞ ቀላል ነው። የድምፅ ተመራማሪው ኔልሰን ሮይና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የድምፅ ችግር ያለባቸው መምህራን ወገባቸው ላይ የሚታሰር ትንሽ ማጉያ ለስድስት ሳምንት ተጠቅመው ድምፃቸው ተሻሽሏል። ይኸው መሣሪያ በናይሮቢ የመንገድ ነጋዴዎች እጅ ላይ አለ፤ የተቀዳ ድምፅ እየደጋገመ ዋጋ ይጠራላቸዋል። የሸማቹ ጆሮ የተገኘበት ማጉያ ክፍል ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። የኬንያ መምህራን ማኅበርም፣ የእኛውም፣ ከደመወዙ ቀጥሎ ይህን ለድርድር ቢያቀርቡት በብዙ ጉሮሮዎች ላይ ቢላዋ ሳያስፈልግ ይቀራል።